የሰሎሜ ሽማግሌ

ጫማ አስተሳሰር እንደ እጅ ጽሑፍ ነው፤ ከማን እንደተማሩት ያሳብቃል። በቀደም ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ብርድ ሲገባ አደባባዩ ላይ የሚሠሩት የበረዶ መንሸራተቻ ሜዳ አጠገብ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጬ ነበር። ሐኪሙ በቀን ግማሽ ሰዓት በእግሬ እንድሄድ አዞኛል፤ እኔ ዐሥር ደቂቃ እሄድና ሃያውን ቁጭ ብዬ የሰው ልጅ ሲወድቅና ሲነሣ አያለሁ። ከፊቴ አንዲት ሴት ተንበርክካ የስድስት ዓመት ግድም ለምትሆን ልጇ የበረዶ ጫማ ታስርላታለች። ገመዱን ከጣት ጀምራ እየሳበች ወጣችና ቁርጭምጭሚት ላይ ስትደርስ ሁለት ጊዜ ጠምዝዛ ቆለፈችው። ደነገጥኩ። ያን ቁርጭምጭሚት ላይ ሁለት ጊዜ መጠምዘዝ ማንም ፈረንጅ አላስተማረኝም፤ ልጅ ሆኜ የእህል ጆንያ አፍ ከማስርበት ይዤው የመጣሁት ነው። አንገቴን አስግጌ ፊቷን አየሁ። ግራ ቅንድቧ መሐል ላይ፣ ፀጉር የማያበቅል ትንሽ የጠባሳ መስመር አለች። የዚያችን መስመር ደም በጨርቅ የያዝኩላት እኔ ነኝ። ሰሎሜ ናት፣ የብርሃኑ ልጅ።

ዘመኑን በቁጥር አልናገርም፤ በቁጥር ድሮም አልታመንም። ብቻ ያኔ ስካይላይን ነበር የምንኖረው፣ ከእነዚያ ረጃጅም ፎቆች በአንዱ፣ ሊፍቱ በየፎቁ በቆመ ቁጥር የሌላ ሀገር የወጥ ሽታ በሚገባበት። ሀገር ቤት ለመደወል ሴቨን ኮርነርስ ካለው ሱቅ ባለ አምስት ዶላር የስልክ ካርድ እንገዛና ጀርባውን በሳንቲም ፍቀን፣ "ሃሎ! ይሰማል? እኔን ይሰማኛል!" ስንል ካርዱ ያልቃል። ወንዱ ሁሉ ጥቁር የቆዳ ጃኬት ነበረው፤ ብርዱን ባይችልም ፎቶ ላይ ያምራል። ሴቶቹ ትከሻው ላይ ስፖንጅ የገባበት ካፖርት ይለብሱ ነበር፤ ሁሉም በር ላይ ወደ ጎን ዞረው ነው የሚገቡት። እኔ አንዲት አሮጌ ሰማያዊ መኪና ነበረችኝ። ካሴት ማጫወቻዋ ውስጥ አንድ ካሴት ተቀርቅሮ አልወጣ ስላለ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ ዘፋኝ ብቻ ሰምቻለሁ። አሁን መኪናው ስልክን አዳምጦ የፈለጉትን ይዘፍናል፤ እኔ ግን ምን እንደምፈልግ ሲጠይቀኝ ግራ ይገባኛል።

ሥራዬ አሌክሳንድሪያ ውስጥ፣ ጣሪያ ባለው አንድ የበረዶ ሜዳ ነበር። አዲስ አበባ ሳለሁ ብረታ ብረት ሥራ ቤት ውስጥ ስለት አወጣ ስለነበር፣ እዚህ መጥቼ የበረዶ ጫማ ብረት መሳል ሲሰጡኝ እጄ አልከበደውም። ከብረት መሳያ ማሽኑ ጎን ጫማ የሚከራይበት መስኮት ነበረ፤ እሱንም እኔው ነበርኩ የምይዘው። ለመጀመሪያ ጊዜ የሐበሻ ቤተሰብ በዚያ መስኮት ብቅ ሲል የመሥሪያ ቤት በር የሳቱ ነበር የመሰለኝ። ለካ ልጁ የክፍል ጓደኛው ልደት ላይ በረዶ ሜዳ ቀምሶ፣ ሆኪ ካልተጫወትኩ ብሎ እህል አልበላም ብሏል። አባትየው በአማርኛ ሳናግረው ዓይኑ እንባ ሞላ። "ጋሼ፣ ይኼ ነገር ምንድን ነው? ፎርሙን ሳይን ላድርግ ወይስ ልጄን ይዤ ልሽሽ?" አለኝ።

ከዚያ በኋላ ወሬው ተዛመተ። "አሌክሳንድሪያ ጋሽ ታደሰ የሚባል አለ፣ እሱን ጠይቁ" ተባለ። ጀማሪ ልጅ ምን እንደሚያስፈልገው፣ የጀማሪዎቹ ክፍል ቅዳሜ ስንት ሰዓት እንደሆነ፣ ሄልሜቱ አገጭ ላይ እንዴት እንደሚታሰር፣ በትሩ አፍንጫ ሥር እንጂ ከግንባር በላይ መድረስ እንደሌለበት፣ ይህን ሁሉ የማስረዳው እኔ ሆንኩ። ያደጉ ልጆች የጣሉትን የጉልበትና የደረት መከላከያ እየሰበሰብኩ መኪናዬ ኋላ አስቀምጥ ነበር፤ ለአዲስ ልጅ ከዚያ አውጥቼ እለካለታለሁ። መኪናዋ የሌላ ሰው ላብ ትሸት ነበር፣ እኔ ግን ኩራት ኩራት ነበር የሚለኝ።

ከሐበሻ እናት ጋር ያለው ትልቁ ጦርነት ግን የጫማ ቁጥር ነበር። የእኛ ሰው ለልጅ ሲገዛ ለዛሬ አይገዛም። ኮት ለሁለት ዓመት፣ ሱሪ ታጥፎ ተሰፍቶ ለሦስት ዓመት ነው የሚገዛው። የበረዶ ጫማ ደግሞ እግር ላይ ልክክ ካላለ ቁርጭምጭሚት ይታጠፍና ልጁ እንደ አዲስ ጥጃ ይንገዳገዳል። ይህን ብነግር ማን ይሰማኛል? "ጋሼ፣ ሁለት ቁጥር ይጨመርበት፣ ያድግበታል" ትለኛለች እናት። "እመቤት፣ ሲያድግ ይመለሳል፣ እዚህ ሌላ አለ" እላለሁ። "አይ፣ እኔ ካልሲ እደርብለታለሁ" ትላለች። አንዷ በሦስት ካልሲ ላይ ጋዜጣ ጠቅጥቃ ያመጣችው ልጅ፣ በረዶው ላይ ቆሞ ጫማው ወደ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ እግሩ ወደ አሌክሳንድሪያ ሄደ። ስናነሣው እናቱ ሳቀች፣ እኔም ሳቅኩ፣ ልጁ ብቻ አልሳቀም።

አባቶቹን የማሸንፈው በገና ጨዋታ ነበር። ከመስተዋቱ ጀርባ እጃቸውን ኪሳቸው ከትተው፣ "ልጄን ከዱላ አውጥቼ አምጥቼው ወደ ዱላ ላስገባው?" ሲሉ፣ "ወንድሜ፣ ገና ተጫውተህ አታውቅም?" እላለሁ። "እንዴታ!" "እንግዲህ ያው ገና ነው። ዱላው አናቱ ቆልመም ያለ፣ ሩሯን በጎማ ቀይረዋት ነው፣ ሜዳውን ደግሞ አቀዝቅዘውታል።" ያን ጊዜ ፊቱ ይፈታል። አንዱማ ልጁ ተጋፍቶ ሲወድቅ ዘሎ ሊገባ የቃጣ አባት፣ "በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ!" ስለው፣ ቆም ብሎ አሰበና ተመልሶ ተቀመጠ። አባባሉ ለጌታ ነው የተነገረው እንጂ ለአባት አይደለም፤ ግን ሠራ።

ብርሃኑ ሰሎሜን ይዟት የመጣው በእንዲህ ያለ ወሬ ነው። እኔ ሰባተኛ ፎቅ፣ እነሱ ዐሥራ አንደኛ ነበሩ፤ ቤተ ክርስቲያናችንም አንድ ነው። ኤርፖርት ለአውሮፕላን ነዳጅ የሚሞላ፣ ቁጥብ ሰው ነበር። ቤተ ክርስቲያን ወንበር የሚደረድርና ከሁሉ በኋላ የሚወጣ። ባለቤቱ አስቴር አረጋውያን ቤት ትሠራለች። ሰሎሜ አንድ ልጃቸው ናት፤ ያኔ ስምንት ዓመቷ፣ ጥርሷ ፊት ለፊት ሁለቱ የሉም። በእንግሊዝኛ ትመልሳለች፣ በአማርኛ ትለምናለች። በረዶው ላይ ስትቆም ግን ምንም ቋንቋ አያስፈልጋትም ነበር። ብዙ ልጅ ማቆም ሲያቅተው አያለሁ፤ እሷ መጀመሪያ የተማረችው ማቆም ነው፣ ከዚያ በኋላ ማንም አላቆማትም። አንድ ቅዳሜ የሌላ ልጅ በትር ቅንድቧን ሰነጠቃት። ጨርቅ ይዤ ሮጥኩ፤ ደሙ በጣቶቼ መሐል እየወረደ፣ "ጋሼ፣ ካን አይ ጎ ባክ?" አለችኝ። እሪ ያለችው እናቷ ነበረች።

በዓመቱ አሠልጣኟ ጠራችኝ። "ይህቺን ልጅ ቲም ውስጥ ማስገባት እፈልጋለሁ፣ ለቤተሰቧ አስረዳልኝ" አለችኝ። እስካሁን የነበረው የጀማሪ ክፍል ነው፣ ቅዳሜ ቅዳሜ፤ ሰሎሜ ደግሞ ከዚያ ክፍል ልትወጣ ነው። ቲም ማለት ግጥሚያ ነው። ግጥሚያው ደግሞ እሁድ ጠዋት። እሁድ ጠዋት ሰሎሜ ነጭ ለብሳ ከሕፃናቱ ጋር የምትዘምርበት ሰዓት ነው። ለብርሃኑ ሊፍት ውስጥ ነገርኩት። "እናስብበታለን ጋሼ" አለና ቁጥሮቹ ሲበሩ ሲጠፉ እያየ ወጣ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ሰሎሜ ከመስኮቴ ፊት መጥታ በእግር ጣቷ ቆመች።

"ጋሼ፣ ዩ አር ኦልድ፣ ራይት?"

"ማን ነገረሽ?" አልኳት። ሃምሳን ገና ተሻግሬ ነበር፤ ነገሩ አልጣመኝም።

"አንተ ሽማግሌ ነህ። እኔ ሽማግሌ እፈልጋለሁ።"

ለካ በዚያ ሰሞን ለአክስቷ ሽማግሌ ተልኮ ነበር። ካፖርት የለበሱ ሦስት ሰዎች መጥተው ሳሎን ውስጥ ቆመው፣ ጉዳያችን ካልተሰማ አንቀመጥም ሲሉ፣ አያቷ እምቢ ማለት አቅቷቸው ልጃቸውን ሲሰጡ በዓይኗ አይታለች። ከዚያ የገባት አንድ ነገር ነው፤ ኦልድ ሰዎች ከላክህ አባት ኖ ማለት አይችልም። አባቷ ጋ እንድሄድላት ነው የመጣችው። ሳቄን ዋጥኩና፣ "እሺ፣ ሄጄ ምን ልበል?" አልኳት።

አስባበት መጥታለች። "ማት ማጥናት አላቆምም በለው። ሠንበት ትምህርት ቤት ቅዳሜ አለ፣ እሱን እሄዳለሁ በለው። ኤንድ..." ብላ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። "ከመግባቴ በፊት ሁልጊዜ አቡነ ዘበሰማያት እላለሁ። ቤንች ላይ። ማንም አያውቅም። እሱን ንገረው፣ ፕሊስ።" ከዚያ ግራ ቀኝ አየችና፣ "ሌሎቹ ሁለቱስ የታሉ?" አለችኝ። ሽማግሌ ሦስት ነው ብላ ነው። "እኔ ብቻዬን እበቃለሁ" አልኳት።

እዚያ ላይ ነው የጀመረው ጥፋቴ። ሁለት ሰው መጨመር ነበረብኝ። ግን ለማን ምን ብዬ እነግራለሁ? "የዘጠኝ ዓመት ልጅ ለሆኪ ሽማግሌ ልካናለች፣ ካፖርታችሁን ልበሱ" ብል ሴቨን ኮርነርስ ላይ ዓመት ሙሉ መሳቂያ እሆናለሁ። ደግሞ ከዚያ በፊት ባለው እሁድ፣ ቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ውስጥ አንዲት ሴት ጸበል ጸዲቅ እያቀረቡ፣ "ጋሽ ታደሰ ልጆቻችንን ወደ በረዶ ነዳቸው፣ ነገ መዘምራን የት እናገኛለን?" ብለው ነበር። ሰው ሳቀ። እኔም ስቄ ጎረስኩ፤ ነገሩ ግን ሆዴ ውስጥ አልተፈጨም።

እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ዐሥራ አንደኛ ፎቅ ወጣሁ። ሰሎሜ ኮሪደር ላይ በካልሲ ትንሸራተት ነበር፤ ስታየኝ ቀጥ አለችና መኝታ ቤቷ ገብታ በሩን ትንሽ ከፈት አድርጋ ተወችው። የሽማግሌ ወጉ የታወቀ ነው፤ ጉዳይህን ቆመህ ትናገራለህ፣ ቃል ሳታገኝ አትቀመጥም፣ እህል አትቀምስም። ይህን አባቴ ያስተማረኝ ነው። ብርሃኑ ግን ብድግ ብሎ ትልቁን ወንበር ለቀቀልኝ፤ የራሱን፣ ጀርባው ረዘም ያለውን። አስቴር ጥብስ እየጮኸ በመጥበሻው አመጣች። "ጋሼ ቤታችን መጡ፣ ዛሬ ምን ቀን ነው!" አለችኝ። ተቀመጥኩ። በላሁ። ድገም ስባል ደገምኩ።

ከበላሁ በኋላ ገና አፌን ልከፍት ስል ብርሃኑ ቀደመኝ።

"ጋሼ፣ ለምን እንደመጡ አውቄዋለሁ" አለኝ። ድምፁ ከወትሮው ዝቅ ብሏል፤ መኝታ ቤቱ እንዳይሰማ ይሆናል። "እውነቱን ልንገርዎት፣ ጨንቆኛል። ልጅቷ ይህን ነገር ትወደዋለች። ቄሱንም ጠይቄያቸው ነበር፤ 'ልጅ ናት፣ ግጥሚያ ባለበት እሁድ ለከሰዓቱ ጉባኤ አምጣት' አሉኝ። እኔ ግን ጨዋታውን አላውቀው፣ ሰዎቹን አላውቃቸው። እርስዎ ያውቁታል። ትጫወት ካሉኝ ትጫወታለች፣ ይቅር ካሉም ይቀራል። በእርስዎ ላይ ጥዬዋለሁ።"

እንግዲህ በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል። የተላክሁበት ነገር አንድ ቃል ብቻ ነበር የቀረው። "ትጫወት" ማለት። ሰው ምን እንደሚነካው አላውቅም። በዚያ ወንበር ላይ፣ ጠግቤ፣ "እርስዎ" እየተባልኩ፣ ባልና ሚስት አፍ አፌን እያዩኝ፣ ትልቅ ሰው መስዬ መታየት አማረኝ። ትልቅ ሰው ደግሞ ለልጅ ጨዋታ አይሟገትም። የዚያች ሴትዮ ቃልና የሰዉ ሳቅም ጆሮዬ ላይ ነበር። እኔም ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ "ብርሃኑ፣ እሁድ የእግዚአብሔር ቀን ናት" አልኩት። "ዛሬ አንዷን እሁድ ለበረዶ የሰጠች ልጅ ነገ ስንቷን ትሰጣለች? ልጆቻችን ከእጃችን የሚወጡት እንዲህ እንዲህ እያሉ ነው። ይቅርባት። ትምህርቷን ትያዝ።"

ውሻ በበላበት ይጮኻል ይባላል። እኔ ከዚያም ባስኩ፤ የበላሁበት ሰው ጩኽልኝ አላለኝም። እሱ እሺ ሊል ተዘጋጅቶ ነበር የጠበቀኝ። አስቴር ሳህኑን ማንሣት ጀመረች። ብርሃኑ መሬት መሬት እያየ፣ "እሺ ጋሼ። ከእርስዎ አልበልጥም" አለ። ስለ ሒሳቡ አልተናገርኩም። ስለ ሠንበት ትምህርት ቤቱ አልተናገርኩም። ስለ አቡነ ዘበሰማያቱም አልተናገርኩም።

እስከ ሊፍቱ ሸኘኝ። በሩ ሲከፈት በእጁ ያዘልኝና፣ "ለእሷ እኔ እንደከለከልኳት ነው የምነግራት" አለኝ። "የእርስዎን ስም አላነሣም። ትወድዎታለች፤ ልጅ ደግሞ ቂም ትይዛለች። በእኔ ከያዘችው አባቷ ነኝ፣ ይለቃታል።"

"እግዜር ይስጥህ" አልኩት። ያን ጊዜ ጨዋነቱ ነበር የደነቀኝ። በሩ ተዘጋ፣ ወደ ሰባተኛ ፎቅ ወረድኩ፣ ጥሩ እንቅልፍም ተኛሁ። ይህን ዛሬ ስጽፍ የሚያቃጥለኝ እንቅልፉ ነው።

ቅዳሜ የመጨረሻ ክፍሏ ነበር። ጫማዋን ይዛ መስኮቴ ላይ ቆመች።

"ምን አለ?"

"አባትሽ እምቢ አለ።"

"ጸሎቱን ነገርከው?"

"ነገርኩት" አልኳት።

አልለቀሰችም። ጫማዋን መስኮቱ ላይ አስቀመጠችልኝ፣ ብረቱን ወደ እኔ ሳይሆን ወደ ራሷ አዙራ፣ እንዳስተማርኳት። "ኦኬ። ታንክ ዩ ፎር ትራይንግ፣ ጋሼ" አለችና ሄደች። ከዚያ ወዲያ በረዶ ሜዳው ላይ አላየኋትም። ሊፍት ውስጥ አንዳንዴ እንገናኝ ነበር፤ እኔን ትስመኛለች፣ ከአባቷ ግን አንድ እርምጃ ርቃ ትቆማለች። መጀመሪያ የልጅ ኩርፊያ ነው አልኩ። ቁመቷ ከእሱ ትከሻ ሲደርስም ርቀቱ ያው ነበር። ብርሃኑ አንድም ቀን በክፉ ዓይን አላየኝም። "እንዴት ነዎት ጋሼ፣ ብርዱ እንዴት ይዞዎታል?" ይለኛል፤ ቁጥሮቹ ይበራሉ፣ ይጠፋሉ፣ እሱ ዐሥራ አንድ ይወጣል፣ እኔ ሰባት ላይ እወርዳለሁ።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ ይህን አውቃለሁ። ግን ሄዶ ማረም ይቻል ነበር። አንድ ሳምንት ሳይሞላ ወጥቼ፣ "ብርሃኑ፣ ተሳስቻለሁ፣ ልጅቷ ትጫወት" ብል ምን እሆን ነበር? እዚያ ፎቅ ላይ ስንት ዓመት ኖርኩ፤ አራት ፎቅ ነው የሚለየን። ሌሎች ልጆችን ማስጀመሬን ቀጠልኩ። እንዲያውም ከዚያ በኋላ ስለ እሁድ የጠየቀኝን ቤተሰብ ሁሉ፣ "ቄሱን ጠይቁ፣ መላ አለው" ነበር የምለው። ለሌላው ሁሉ የተገኘ መላ ለእሷ ብቻ ጠፋ። በረዶ ሜዳው ኋላ ባለቤት ቀየረ፣ የመሳያ ማሽኑም በአዲስ ተተካ፤ እኔም ጡረታ ወጥቼ ወደ ሲልቨር ስፕሪንግ ዞርኩ። ሰዉም ተበታተነ፤ የስልክ ካርድ የምንገዛበት ሱቅ አሁን ጥፍር ይሠራበታል። ብርሃኑ ካቻምና ማረፉን ቤተ ክርስቲያን ሰማሁ። ቀብሩ ላይ ከኋላ ቆሜ አፈር ሳላለብስ ተመለስኩ።

እና በቀደም፣ እዚያ አግዳሚ ወንበር ላይ፣ ተነሥቼ መሄድ እችል ነበር። አንገቴን ቀብሬ ልነሣ ስል ቀና አለችና አየችኝ።

"ጋሽ ታደሰ? ኦ ማይ ጋድ፣ እርስዎ ነዎት?"

አቀፈችኝ። አንቱታ ተምራለች። አጠገቤ ተቀመጠች፤ ነርስ ናት፣ ልጇ ኤደን ትባላለች፣ ባሏ እሷ ልክ ነው ያለችውን ሁሉ ልክ ነው የሚል ደግ ሰው ነው። ልጅቷ አጥሩን ይዛ አንድ ሁለት እያለች ስትንፏቀቅ አብረን አየናት።

"በሚመጣው ሳምንት ጀማሪ ክላስ ሬጂስተር ላደርጋት ነው" አለችኝ። "ኒው ጊር፣ ሄልሜት ምናምን፣ ልግዛላት ወይስ ዩዝድ ይሻላል? እርስዎን ሳይ እግዜር ነው የላከልኝ አልኩ።"

"ጫማው ብቻ ልክክ ይበል፣ ሌላው ዩዝድ ይሆናል" አልኳት። አፌ የለመደውን ተናገረ።

ከዚያ በራሷ ጊዜ የድሮውን ነገር አነሣችው። "ያኔ ለእኔ የተናገሩልኝ እርስዎ ብቻ ነዎት፣ ጋሼ። አባዬ አንድም ቀን ለምን እንደከለከለኝ ኤክስፕሌን አላደረገልኝም። አስቤዋለሁ እኮ፣ እንግዳ ሰው ሊለምንልኝ መጣ፣ የራሴ አባት ኖ አለ። ስቱፒድ ነው፣ አውቃለሁ፣ ጨዋታ ነው። ግን ከዚያ በኋላ ለእሱ ምንም ነገር ነግሬው አላውቅም። ትምህርት ቤት ሲቸግረኝም፣ ኤደንን ሳረግዝም። ለእማዬ ነበር የምነግራት።"

ዝም ብል ኖሮ ተወድጄ እሞት ነበር። ይህን አሰብኩ፤ አላሰብኩም አልልም። ከዚያ ነገርኳት። ስለ ወንበሩም፣ ስለ ጥብሱም፣ ቄሱ ፈቅደው እንደነበርም፣ አባቷ በእኔ ላይ እንደጣለውም፣ ትጫወት ብል ትጫወት እንደነበርም። ጸሎቱን እንዳልተናገርኩት። ሊፍቱ በር ላይ ምን እንዳለኝ።

ሰሎሜ በረዶውን ነበር የምታየው። ትጮኽብኛለች ብዬ ጠበቅሁ፤ ብትጮኽብኝም ደስ ባለኝ።

"አባዬ ሆስፒታል እያለ ጠየቀኝ" አለች በመጨረሻ። ከእኔ ጋር የምትነጋገር አትመስልም። "መጨረሻው ሳምንት ላይ። 'ሰሎሜ፣ ምን አድርጌሽ ነው?' አለኝ። 'ሆኪ ከልክለኸኛላ' አልኩት። ላይክ፣ እየሳቅኩ፣ ጆክ አስመስዬ። አየኝ። ከዚያ 'ይቅር በዪኝ' አለኝ።"

አፍንጫዋን በጓንቷ ጠረገች።

"ይቅር አላልኩትም ጋሼ። ነርሷ መጣች፣ ሌላ ወሬ ጀመርኩ። በኋላ እለዋለሁ ብዬ።"

"ሰሎሜ..." አልኩ። እኔን ይቅር በዪኝ ልላት ነበር፤ ያን ቃል ብርሃኑ በእኔ ፈንታ ብሎት ሞቷል። ሰሎሜ ልጅቷን ጠራቻት። ኤደን አጥሩን ለቅቃ፣ እጆቿን ዘርግታ፣ እየተንገዳገደች መጣች። ሰሎሜ ጫማዋን ፈትታ በቦቲ ቀየረችላት፣ ሻንጣዋን ትከሻዋ ላይ አደረገች፣ ተነሣች። እኔን አላየችኝም። ግን የብርሃኑ ልጅ ናት።

"ኤደን፣ ሳንሄድ ጋሼን ሳሚያቸው" አለቻት።

ልጅቷ መጣችና አንዴ ቀኝ፣ አንዴ ግራ፣ እንደገና ቀኝ ጉንጬን ሳመችኝ። ጉንጯ ብርድ ብርድ ይላል። እናቷ ጀርባዋን ሰጥታኝ፣ እስክንጨርስ ድረስ ቆማ ጠበቀቻት።